ስለ ጀበናና ስለ ተረት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «የፎክሎር ጥናት ለዛሬው ኑሯችን ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ስሰማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። በአማርኛ «እንቆቅልህ» በኦሮምኛ «ሂቦ» ሳይባባል ያደገ፣ ተረት እየሰማ ያልተኛ ልጅ በአጋሮ ከየት ይገኛል? ነገር ግን ደብተሬን ይዤ ከሰው ደጅ መሄድ ስጀምር ነገሩ እንዳሰብኩት ሳይሆን ቀረ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ፎክሎር የሚለውን ቃል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 በጽሑፍ ያወጣው ዊልያም ቶምስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ የሕዝብ ዕውቀት እንደ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በአፍ የሚነገረውን ክፍል እኛ ሥነ ቃል እንለዋለን። ተረቱ፣ ምሳሌው፣ እንቆቅልሹ፣ ዘፈኑ፣ ሙሾው፣ ምርቃቱና ርግማኑ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም. «የሥነ ቃል መምሪያ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመውበታል። በቅርባችን በጅማ ዩኒቨርሲቲም የኦሮሞ ፎክሎርና ሥነ ጽሑፍ ይጠናል። እንግዲህ ተረት የልጆች ማስተኛ ብቻ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ ታላላቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ትምህርት መሆኑን ይወቀው።

እኛ የአጋሮ ልጆች አፈ ታሪክ ሲባል ወዲያው የሚታወሰን የጮጬ ነገር ነው። ጮጬ በዚሁ በጎማ ወረዳ የምትገኝ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከልዲ የተባለው፣ አንዳንዶችም ኻሊድ የሚሉት እረኛ ፍየሎቹ ቀዩን ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እዚያ ነው እንላለን። የከፋ ሰዎች ደግሞ «የለም፣ በእኛ በማንኪራ ደን ነው» ይላሉ። በዚህ ክርክር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያልተሟገተ የአጋሮ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ተሟግቻለሁ። በኋላ ግን ታሪኩን በ1671 በሮም ከተማ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ሊቅ በመጽሐፍ አሳትሞት እንደ ነበር አነበብኩ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም፤ ከብቶቹም ግመሎች ወይም ፍየሎች ናቸው ይላል፤ አገሩ ደግሞ የመን ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትንሽ አፈርኩ። ሆኖም የቡናው ተክል የትውልድ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የሳይንስ ሰዎች ስላረጋገጡ ተጽናናሁ። ተክሉ የዚህ አገር ነው፤ ተረቱ ግን መንገደኛ ነው። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር ስም ያወጣል፣ ፍየል ይገዛል፣ መሬት ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ተረት ስሰማ «እውነት ነውን?» ብቻ ሳይሆን «ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ዊልያም ባስኮም የተባለው አሜሪካዊ በ1954 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ጽሑፍ የፎክሎርን ሥራ በአራት ከፍሎታል፤ ያጫውታል፣ ያስተምራል፣ ሰውን ከሕግና ከልማድ እንዳይወጣ ይጠብቃል፣ ደግሞም ለልማዱ ምክንያት ይሰጣል ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የከልዲ ተረት ሥራው ኩራት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሌላ ሥራ የሚሠሩ ተረቶች ግን አሉ። ስለዚህ ከቡናው ወደ ጀበናው ልለፍ።

በቤታችን ቡና ሲፈላ አያቴ ደጅ ወጥተው «ኮታ ቡና ዱጋ!» ብለው ካልተጣሩ ቡናው የተፈላ አይመስላቸውም። እስላም ክርስቲያን፣ ሀብታም ድኻ ሳይለዩ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ድረስ የተጣላ ይታረቃል፤ የሚታማም ይታማል። ከአያቴ የበለጠ ደግ ሰው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ቀጥሎ የምለውን ስትሰሙ እንዳትፈርዱባቸው ነው።

ጀበና የምታመጣልን አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስምንት ዓመት ያህል ሲሆነኝ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ጀበናዎቿን በጭድ ጠቅልላ መጣች። ቡናው ቀርቦ ነበር። አያቴ ራርተው ቡና ቀዱላት፤ ነገር ግን ከረከቦቱ ላይ ባለው ሲኒ አልነበረም። ከንፈሩ የተሸረፈ አንድ ሲኒ በደጅ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ለብቻው ይቀመጥ ነበርና በእርሱ ነው። ሲኒውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆማ ጠጣች። ከዚያም ሲኒውን በዝናቡ ውኃ አለቅልቃ ከነበረበት ቦታ መለሰችው። ቦታውን ማንም አላሳያትም፤ ታውቀው ነበር። ያ ሁሉ ሰው በቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠጣው ቡና የተፈላው በእጆቿ በተሠራው ጀበና ነበር።

«አኮ፣ እርሷ ለምን ወደ ቤት አትገባም?» ብዬ አያቴን ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም ማታ ተረቱን ነገሩኝ። በጥንት ዘመን ሰባት ወንድማማቾች ለአደን ወጡ። በጫካ ውስጥ ራብ ቢጸናባቸው ታላቁ የማይበላ የአውሬ ሥጋ አግኝቶ በላ። ወደ ቤት ሲመለሱ አባታቸው የሁሉንም አፍ አሸተተ፤ ሽታው ከታላቁ አፍ ወጣ። አባትየውም «አንተም ልጆችህም ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ አትቀርቡም» ብሎ አባረረው። እርሱም ከከተማ ዳር ጭቃ እያቦካ ኖረ፤ ሸክላ ሠሪዎቹም የእርሱ ዘሮች ናቸው። ተረቱ ይህን ያህል ነው። እኔም ሰማሁና ተኛሁ። ከዚያ ወዲያ ለዐሥር ዓመት ያህል ስለ ሲኒው ጠይቄ አላውቅም።

እነዚህ ሰዎች በሌሎች ዘንድ የሚጠሩበትን ስም እዚህ አላነሣም፤ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኗልና። ነገሩ ግን የአጋሮ ብቻ አይደለም። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት አንድ መጽሐፍ ታትሟል፤ ጎረቤቶቻችን የምና ከፋ፣ እንዲሁም ዳውሮና ሌሎችም የደቡብ አገሮች ተጠንተውበታል። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና አዳኙ አብሮ ከመብላት፣ ከመጋባትና አብሮ ከመቀበር እንዴት እንደ ተለዩ ይገልጻል። በሰሜኑ አገር ደግሞ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ኖሯል፤ በጎንደር ምድር ይህ ስም በብዛት የወደቀው በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። ማረሻውን የሚሠራው እርሱ ነው። ገበሬው በማረሻው ያርሳል፤ ከሠራው ሰው ዐይን ግን ልጁን ይደብቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚጎዳ አስተውለው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውንም ሳይቀር በሥራው ምክንያት ማንም እንዳይሰድበው በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁን ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ መዝግበውታል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ታዲያ ከዐዋጁ እስከ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሲኒው ስለ ምን ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠ? እንደ እኔ አሳብ ዐዋጅ የሚነገረው በገበያና በአደባባይ ነው፤ ተረት ግን ከምድጃ አጠገብ፣ ልጅ ዐይኑ በእንቅልፍ ሲከብድ፣ በሚወደው ሰው አፍ ይነገራል። ዐዋጁ «አትስደብ» አለ እንጂ የተረቱን ምክንያት አልነካውም። እኔም ብሆን በጸሎት ቤታችን ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት መውረዱ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ራሱን በሸክላ ሠሪ ሲመስል ሰምቼ ያችን ሴት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኳትም።

እንግዲህ ዘንድሮ ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እስከ አሁን «መጣች፣ ጠጣች» እያልኩ ነው የተናገርኩት፤ በቤታችን እንዲሁ ይባል ስለ ነበር ነው። ዕድሜያቸው ከአያቴ ብዙ አያንስም። ከዚህ በኋላ «እርሳቸው» እላለሁ።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ከጅረት አጠገብ ነው። ስደርስ የተሰበረ የሸክላ ገል እየወቀጡ ነበር። የተወቀጠው ገል ከአዲሱ ጭቃ ጋር ካልተደባለቀ ዕቃው በእሳት ጊዜ ይሰነጠቃል አሉኝ። ከዚያም ጀበናው በጥላ ቀን ቆጥሮ ይደርቃል፤ ሲተኮስ ነፋስ ቢገባበት የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ። እኔ ጀበና ገዝቼ፣ አሟሽቼ፣ ሰብሬም አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «የአያትሽ ቡና መልካም ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ተረቱን ለመጠየቅ አፌ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ «ስለ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚነገር ተረት ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። «የእናንተን ነው የእኛን?» አሉኝ። የእናንተ የሚባል መኖሩን ያን ጊዜ አወቅሁ።

የእርሳቸው ተረት ይህ ነው። ሰባቱም ተራቡ። ሥጋው በተገኘ ጊዜ ታላቁ «መርዝ ቢሆን እኔ ልሙት» ብሎ አስቀድሞ ቀመሰ። ደኅና ሆኖ ቢያዩት ሰባቱም በሉ። ሲመለሱ ከወንዝ ደረሱ። ስድስቱ ወርደው አፋቸውን ታጠቡ፤ ታላቁ ግን የሁሉንም ጦርና ጓዝ ተሸክሞ ነበርና ከዳር ቆሞ ጠበቃቸው። ከቤት በደረሱ ጊዜ አባታቸው አፋቸውን አሸተተ። ስድስቱ ዝም አሉ።

«ከዚያስ?» አልኩ። «ከዚያማ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ በኦሮምኛ ነበርና የጻፍኩት አነበብኩላቸው። «ታላቁ ወንድም ተባረረ» ከሚለው ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «‹ተባረረ› አትበዪ፤ ‹ሄደ› በዪ» አሉኝ። ሰረዝኩና «ሄደ» ብዬ ጻፍኩ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ የፎክሎር ጥናት ጥቅሙ ምንድን ነው ስባል ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሁለቱም ተረቶች እውነት መሆናቸውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ነገር ግን አንደኛውን ብቻ የሰማ ልጅ ሲኒውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ግን ቢያንስ ቆም ይላል። በምሳሌም እንደዚሁ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን በክፍል እጇን ባነሣች ጊዜ ያልተባለባት ሴት ተማሪ በመካከላችን ያለች አትመስለኝም። ይህን የሚሉን ሰዎች ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ምሳሌው ሳያስቡት ከአፋቸው ስለሚቀድም ነው።

አሁን ደግሞ ተረቱን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ ጥቂት ልናገር። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለ ኢጣሊያዊ የኦሮሞን ሥነ ቃል ሰብስቦ በ1922 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አሳትሟል። የጊቤ አገሮች ዘፈኖችና ታሪኮች በመጽሐፉ ውስጥ አሉበት። ብዙውን የነገረው ሎራንሲዮስ ወልደ ኢየሱስ የተባለ ሰው ነው፤ ቼሩሊ ስሙን መጻፉ የሚመሰገን ነው። ቼሩሊ በኋላ በፋሺስት ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የኢጣሊያ መንግሥት ከፍተኛ ሹም ሆኖ መጣ። እንግዲህ ተረት የሚሰበስበው ወዳጅ ብቻ አይደለም።

ከእርሱ በፊት ግን አስቴር ጋኖ ነበረች። በሕፃንነቷ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ለባርነት ተወስዳ በ1886 (እ.ኤ.አ.) በቀይ ባሕር ላይ የኢጣሊያ መርከበኞች ነጻ አወጧት። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገቧት። በዚያ እንደ እርሷ በባርነት የተሸጠውን የኢሉባቦሩን ተወላጅ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። በ1899 (እ.ኤ.አ.) በኦሮምኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉም ረዳችው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን መጻፏ ነው። ብዙዎቹ በ1894 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ ውስጥ ገቡ። እናቷን፣ ቤቷን፣ አገሯን የቀሟት ልጅ የቀረላት በጆሮዋ የነበረው ብቻ ነው፤ እርሱንም መማሪያ አደረገችው። የባሪያ ነጋዴዎች መንገድ በዚህ በእኛ በጅማ አገር፣ በሂርማታ ገበያ በኩልም ያልፍ ነበር። ስንቱ ልጅ ተረቱን እንደ ያዘ አልፎ ይሆን?

ተማሪ ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ካለ፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ከ1953 እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) በየአገራቸው የሚነገረውንና የሚደረገውን ጽፈው በማኅበራቸው መጽሔት ያወጡ ነበር። ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገና ታትሟል።

አንድ መምህሬ ይህን ንግግር ሳሳያቸው «እንዲህ ያለውን ክፉ ተረት ባትጽፊው አይሻልም? ረስተነው እንዲጠፋ ብንተወውስ?» አሉኝ። አሳባቸውን አከብራለሁ፤ ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። ነገር ግን ተረቱ አልተረሳም። አያቴ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ታናሽ ወንድሜም ሳይሰማው አልቀረም። ያልተጻፈው የሸክላ ሠሪዋ ተረት ብቻ ነው፤ ዝም ብንል የሚጠፋው እርሱ ነው። በባህል ቀን ነጠላ ለብሶ መጨፈር መልካም ነው፤ እኔም እጨፍራለሁ። የሚያምረውን ብቻ መርጦ ባህል ማለት ግን ግማሹን ቤት ጠርጎ እንግዳ መጥራት ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ለመለመን እወዳለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት አንድ ተረት ወይም አንድ ምሳሌ ጽፎ ለቤተ መጻሕፍታችን ያስገባ። በሰማበት ቋንቋ ይጻፈው፤ ማን ለማን፣ በምን ምክንያት እንደ ነገረው ይጨምርበት፤ የነገሩትን ሰዎች ሳያስፈቅድ ስማቸውን አያውጣ። አንብቦላቸውም ያስተካክሉት። እኔ የጻፍኳቸውን ሁለቱን ተረቶች ፈቃድ አግኝቼ በአንድ ደብተር፣ ፊት ለፊት ባሉ ገጾች፣ ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊው አስረክቤያለሁ።

ለአያቴም ሁለተኛውን ተረት በቡና ሰዓት አነበብኩላቸው። ጎረቤቶቹ ዝም አሉ። አያቴ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉኝና ነገርኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ በረካውን ቀዱ። በማግሥቱ ጎመን ስንቀነጥስ ድንገት «ታላቁ ወንድም ጓዙን ተሸክሞ ነበር ነው ያልሽው?» አሉኝ። «አዎን፣ የሁሉንም» አልኳቸው። ሌላ አልተናገሩም። ባለፈው ሳምንት ከግድግዳው ጥግ ሳይ ሲኒው በቦታው የለም። ተሰብሮ ይሆን ወይም ሰው አንሥቶት ይሆን አልጠየቅሁም። ሸክላ ሠሪዋ እንደ ልማዳቸው ጀበና ይዘው የሚመጡት ከበዓሉ በኋላ ነው።